የአሮጊቷ ቁልፍ

ሰኞ፣ ነሐሴ 5
ከወፍጮ ቤቱ በር

ይድረስ ለወንድሜ ለቀጮ፣

ሰላምታዬ ከእኔ ቀድሞ ይሻገር፤ ወረቀት ስለሆነ ገመዱን አይከብደውም። እኔም አባባም ደህና ነን። ቤታችን ከነጣራው ቆሟል። ናዳው ከታች መንገዱንና ድልድዩን፣ ከላይ ደግሞ ወደ ጫካው የሚያወጣውን ጠርጎ ስለሄደ መንደሩ ሁለቱም በሮቹ ከውጭ እንደተቆለፉበት ክፍል ሆኗል። የቀረን መስኮት እናንተ ገደሉ ላይ የዘረጋችሁት ገመድ ብቻ ነው።

ትናንት ተራዬ ተጠርቶ ባለመምጣቴ ይቅርታ አድርግልኝ። በገመዱ የሚመላለሰው ወንበር ደርሶ ልቀመጥ ስል የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ልጇን አቅፋ ስትንቀጠቀጥ አየኋትና አስቀደምኳት። ዛሬም ብትጠራኝ የምመጣ አይመስለኝም። የወንበሩ ማሰሪያ ስፌቱ በየጉዞው እየተፈታ ነው፤ እዚህ ደግሞ ከእኔ ሌላ ልብስ ሰፊ የለም። እኔ ከሄድኩ ከኋላዬ ያሉት በምን ይቀመጣሉ? ይህን ሰበብ ነው እንዳትል። ሰበብም ቢሆን በደንብ የተሰፋ ሰበብ ነው።

ስለ ቋጠሮው ለጠየቅኸኝ። በእናንተ ሥራ ገመድ የቋጠረ ሰው መጀመሪያ ራሱ እንደሚቀመጥበት ከተቀጠርክ ጀምሮ ስትኩራራበት ሰምቻለሁ። የእኛን ጫፍ የቋጠረው ሰው እስካሁን አልተሻገረም፤ ሥራ በዝቶበት ነው በልልኝ ለአለቃህ። ምን ላይ ታሰረ ላልከው ደግሞ፣ አለቃህ በድምፅ ማጉያ «የማይነቃነቅ ነገር ላይ ከሆነ ነጭ ጨርቅ አሳዩን» ሲሉ ነጩን ያውለበለብኩት እኔ ነኝ። ግትር ነገር ላይ ታስሯል። እኛ ሰፈር ግትር ነገር ምን ጠፍቶ።

የላካችሁልን ሬዲዮ እርጥበት ገብቶት ያስነጥሳል እንጂ አይናገርም። ስለዚህ በደብዳቤ ታገሰኝ።

እህትህ


ሰኞ ከሰዓት፣ ነሐሴ 5
ከማዶ፣ ከነፍስ አድን ድንኳን

እታለም፣

እንደምን አለሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ በመነጽር አይሻለሁ። ከስተሻል። የእኔን ቅጽል ስም ልትወርሺ ነው።

«አባባም ደህና ነው» ብለሽ አለፍሽው። አባባ ሁለት ቀን ሙሉ ደህና ሆኖ፣ ማንንም ሳይሰድብ ውሎ አያውቅም። ከናዳው ወዲህ አንድም ቀን በመነጽሬ ውስጥ አልገባም። ታሞ እንደሆነ ንገሪኝ።

እዚህ ሆኜ የማየውን አንቺ እዚያ ሆነሽ አታይውም። ከወፍጮ ቤቱ በላይ ያለው ስንጥቅ በየሰዓቱ እየሰፋ ነው። እናንተ የቆማችሁበት ደረጃ መሬት እንዳለ ወደ ገደሉ እየተንሸራተተ ነው፤ አለቃ ይህን ለማንም እንዳልነግር አዘውኛል፣ አንቺ ግን ማንም አይደለሽም። ደመናው እስኪነሳ ሄሊኮፕተር የለም። ያለን ወንበሩ ነው፤ ወንበሩም ያለው መሬቱ እስከቆየ ድረስ ነው።

አንድ ነገር ግን ገርሞኛል። መሬቱ በሸሸ ቁጥር ገመዱ ይረግባል። ወንበሩ ከመነሳቱ በፊት ደግሞ በናንተ በኩል አንድ ሰው ለስለስ አድርጎ ይወጥረዋል። አይጎትትም፣ አይነጥቅም፤ ልክ ሲደርስ ይተወዋል። እጄን ገመዱ ላይ አድርጌ ይሰማኛል። ይህ ሰው ማን ነው? እጁን ሳሚልኝ። አለቃ «ከዚህ ስንወጣ እንቀጥረዋለን» ብለዋል።

ከአባባ ጋር የተለያየንበትን ነገር አሁን አናንሳው። የአሮጌ መኪናውን፣ የአሮጊቷን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ ትቼለት ከወጣሁ ወዲህ ቃል አልተለዋወጥንም። ቢሆንም በተራው ይምጣ። ቢመጣ አላናግረውም፤ ገመዱን ብቻ ነው የምስበው።

ቀጮ


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6
ከወፍጮ ቤቱ

ይድረስ ለወንድሜ፣

የላክኸው ብርድ ልብስ ደርሷል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ የሽማግሌዎቹን ተራ ጨርሰናል። ባለ ሱቁ ከነሚዛኑ ካልሄድኩ ብሎ ወንበሩ ላይ ሲጨቃጨቅ ማየት ነበረብህ። ሚዛኑን አስጥለነው እሱን ብቻ ላክነው፤ ማዶ ሲደርስ ሰላም ሳይላችሁ «ሚዛኔ» ቢላችሁ አትቀየሙት።

አባባ አልታመመም። ደብዳቤህን ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ስለ ገመዱ የጻፍከውን «እስቲ ድገሚው» አለኝ። ደገምኩለት። «ደሞዙ ስንት ነው?» አለ።  ስታስበው፣ ስለ አንተ ደብዳቤ ጥያቄ ሲጠይቅ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ የለም። አንተ የወጣህ ዕለት አንስቶ ከበሩ ኋላ ምስማር ላይ ሰቀለው፤ «የፈለገው መጥቶ ይወስደዋል» አለ። እስከ ዛሬ እዚያው ነው። አቧራውን ስጠርግ እንኳ አትንኪው ይለኛል።

ገመዱን የሚወጥረውን ሰው ነገ እነግርሃለሁ። አሁን ይህን ወረቀት የምሰድደው ለሌላ ጉዳይ ነው። በሚመለሰው ወንበር አንድ ጀሪካን ናፍጣ ላኩልን። ለወፍጮው ነው፤ ላልተሻገሩት ጥቂት እህል እንፍጭላቸው ብለን ነው። ብዙ አትጠይቀኝ፣ ብቻ ቶሎ ላከው።

እህትህ


ማክሰኞ ከሰዓት፣ ነሐሴ 6
ከድንኳኑ

እታለም፣

ናፍጣው ይኸው፣ ወንበሩ ላይ ታስሯል። ከናፍጣው ጋር ግን አንድ ነገር ልኬልሻለሁ፤ እሱም ትዝታዬ ነው። እኔ እዚያ መንደር ተወልጃለሁ። ያ ወፍጮ የሚሠራው በመብራት ነው። መብራት ሲጠፋ መንደሩ ሁሉ ዱቄት አጥቶ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ተሰልፎ ሲያማ ያደግኩ ልጅ ነኝ።

ማረፊያ ያጣሁት ናፍጣ ከጠየቅሽኝ ወዲህ ነው። ወንበሩ ከመነሳቱ በፊት ገመዱ ሲወጠር እጄ ላይ የሚሰማኝን መንዘር ልብ ብዬ አዳመጥኩት። የሰው ጡንቻ እንዲያ አይነዝርም። ይህን መንዘር አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሆኜ ጋቢና ውስጥ ጭንቅላቴን መስታወቱ ላይ አስደግፌ የተኛሁበት ነው።

እታለም፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ፤ እባክሽ አታድበስብሺው። አሮጊቷ የት ነው የቆመችው? ጋቢናዋ ውስጥ ማን አለ?

ቀጮ


ረቡዕ ጠዋት፣ ነሐሴ 7
ከወፍጮ ቤቱ

ቀጮዬ፣

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አሉ። ይቅር በለኝ።

ገመዳችሁ ገደሉን ተሻግሮ የወደቀ ዕለት ወፍጮ ቤቱ ጋ ዛፍም ቋጥኝም አልነበረም። ዛፎቹን ናዳው ወስዷቸዋል፤ ያለው ድንጋይ ደግሞ በጣት የሚፈረፈር ነው። ከበላያችን መሬቱ እየጮኸ ነበር። አባባ አሮጊቷን አስነሳና በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ኋላ፣ እናንተ በማታዩበት፣ አቆማት። ገመዱን ከኋላ መጎተቻዋ ላይ የቋጠረውም እሱ ነው። ነጩን ጨርቅ አሳዪ ያለኝም እሱ ነው።

የእጅ ፍሬኗ ከሞተ ቆይቷል። ጎማዋ ሥር ድንጋይ ብንደረድርም መሬቱ ራሱ ስለሚሄድ ድንጋዩም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ እግሩን ከፍሬኑ ላይ አያነሳም። ወንበር ሊነሳ ሲል ማርሽ ያስገባና አንድ ጋት ያህል ወደፊት ይነዳታል፤ አንተ እጁን ሳሚልኝ ያልከው ይህን ነው። ሞተሯ አንዴ ከጠፋች አትነሳም ብሎ ስለሚፈራ ሳያጠፋት ነው የሚያድረው። ምግቡንም እዚያው አቀብለዋለሁ።

ለምን ደበቅሽ ትለኛለህ። አባባ «ሆድ ይፍጀው» አለኝ። አለቃችሁ ይህን ሁሉ ሰው በአንድ አሮጌ መኪና ፍሬን ላይ እያሻገሩ መሆኑን ቢያውቁ ወንበሩን ያቆሙት ነበር። ያቺ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ፣ እነዚያ ሽማግሌዎች፣ ሕፃናቱ፣ ሁሉም እዚህ ቁጭ ብለው ደመና ሲጠብቁ ይቀሩ ነበር። አሁን ሁሉም ማዶ ናቸው። የቀረነው አስተማሪው፣ እኔና አባባ ነን።

ያላሰብነው ነገር ግን ይህ ነው። አስተማሪው ሲሄድ አባባ ይወጥራል። እኔ ስሄድ አባባ ይወጥራል። አባባ ሲሄድ ማን ይወጥርለታል? እኔ ትናንት ነው ይህ የመጣልኝ። እሱ ግን መጀመሪያ ዕለት፣ ገመዱን ሲቋጥር አስቦታል መሰለኝ። ጠየቅኩት። «አንቺ መርፌሽን ያዢ» አለኝ።

እኔ ትቼው አልሄድም። ይህን ለመከራከር ወረቀት አታባክን።

እህትህ


ረቡዕ፣ ነሐሴ 7
ከድንኳኑ

እታለም፣

ተናድጃለሁ፤ ይህን ሳልነግርሽ ብቀር ውሸት ይሆናል። ያን ነጭ ጨርቅ ባታውለበልቢ ኖሮ በመጀመሪያው ወንበር የብረት ካስማና መሰርሰሪያ የያዘ ሰው እንልክ ነበር። ያኔ መሬቱ ገና ይህን ያህል ስላልተሰነጠቀ ካስማ የሚይዝ ድንጋይ ፈልጎ ያገኝ ነበር። እናንተ ሰው ልታድኑ ዋሻችሁ፣ ውሸታችሁ ደግሞ አባባን መኪናው ውስጥ ቆለፈው። ከእኛ ቤት በቀር ይህን የሚያስብ የለም።

ለአለቃ ነገርኳቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቁጭ አሉ። «ይህን ሁሉ ሰው በፍሬን?» አሉ። ቀጥለው «ሰውዬው ስንት ዓመቱ ነው?» አሉ። ነገርኳቸው። እንደገና ባርኔጣቸውን አደረጉና «የኛን ጫፍ የቋጠርከው አንተ ነህ፤ እስካሁን ራስህ አልተቀመጥክበትም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሰው ለማሻገር ስንጣደፍ ደንቡን እኔም አፍርሼዋለሁ።

አስተማሪውን ላኪው። በባዶው ወንበር ካስማውን ይዤ እመጣለሁ። ለአባባ አትንገሪው። ወይም ንገሪውና በደንብ እንዲወጥር አድርጊው።

ቀጮ


ሐሙስ፣ ነሐሴ 8
ከድንኳኑ

ይድረስ ለወንድሜ፣ ለማዶው፣

አድራሻችን ተገለበጠ። ትናንት አንተ የጻፍክበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ነው ይህን የምጽፈው፤ ወንበሩም ገና የአንተን ሙቀት አልለቀቀም።

ትጠይቀኛለህና ልንገርህ። ደህና ደርሰናል። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ተሻገርኩ። አባባ ከኋላዬ ደረሰ፣ ውሃ ስጡኝ አለ፣ ጠጣ። እስከዚያ ሁላችንም ካስማው ያዘ ብለህ የነገርከንን አምነን ነበር። ገመዱን ከመኪናዋም ከካስማውም አስረህ «መኪናዋ ለመጠባበቂያ ነው፣ እኔ ትንሽ ልቆይና በኋለኛው ወንበር እመጣለሁ» ስትለው አባባ እንዴት እንዳየህ አይቻለሁ። አምኖህ ነው የወረደው። ከጋቢናው ሲወርድ እግሩ አልታዘዝ ብሎት አንተ ደግፈኸው ነበር።

እዚህ ደርሶ ውሃውን ከጠጣ በኋላ ግን እጁን ገመዱ ላይ አሳረፈ። «ይህ ካስማ አይደለም፣ ማርሽ ነው» አለ።  ቀጥሎ ደግሞ «ፍሪሲዮኑን ቶሎ ይለቃል» አለ።

ካስማው አልያዘም፣ አይደል? ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ትናንት በውሸቴ የሰደብከኝን ዛሬ መልሼ ለራስህ ልኬልሃለሁ። ለአንተ ማን ይወጥርልሃል?

አለቃችሁ የሚሉት እንዲህ ነው። ወፍጮ ቤቱን ትተህ ወደ ቤታችን ውጣ። ከቤታችን ኋላ ያለው ቋጥኝ ጠባብ ቢሆንም አይሄድም፤ ለአንድ ሰው ይበቃል። ደመናው ሲነሳ ሄሊኮፕተሩ ከዚያ ያነሳሃል። መኪናዋን ተዋት። እባክህ።

እህትህ


ሐሙስ ከሰዓት፣ ነሐሴ 8
ከአሮጊቷ ጋቢና

እታለም፣

አልያዘም። ድንጋዩ ውስጥ ካስማውን ስመታው ገንፎ ውስጥ እንደተሰካ ማንኪያ ዞረ። ከነገርኩት አባባ አይወርድም፣ አባባ ካልወረደ አንቺ አትሻገሪም። ስለዚህ ያዘ አልኩ። ከማን ተማርክ እንዳትይኝ።

አለቃን አመስግኚልኝ፤ ግን አልወጣም። ሲያስረዱኝ ሁሉም ትክክል ነው፣ እግሬ ግን ከፍሬኑ አይነሳም። እግሬን ካነሳሁ መኪናዋ ትሄዳለች፣ ገመዱ ይወድቃል፣ ከዚያ በእኔና በእናንተ መካከል ምንም ነገር የለም። ይህ ወረቀት እንኳ አይደርስሽም። ደመናው ሳምንት ቢቆይስ? ይህ ገመድ እስከተወጠረ ድረስ እኔ የተቋረጥኩ ሰው አይደለሁም። ሌላ ሰው እንዲህ ቢለኝ ኖሮ ጎትቼ አወርደው ነበር፤ ሥራዬም እሱ ነው። ለራሴ ግን አልቻልኩም።

ፈርቻለሁ። ለሌላ ሰው አትንገሪ። መሬቱ ሲሸሽ ከመቀመጫው በታች ይሰማኛል። ናፍጣው ወደ ማለቁ ነው። በሩ እንኳ በደንብ አይከፈትም፤ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተደግፏል፣ በሌላኛው በኩል ነው የምገባውና የምወጣው። አባባ ይህን ሁሉ ጊዜ እዚህ እንዴት ተቀመጠ?

ስለ ፍሪሲዮኑ የተናገረውን አነበብኩት። ልክ ነው። አሁን አሻሽያለሁ፤ እጁን ያሳርፍና ይፍረድ።

ቀጮ


ዓርብ፣ ነሐሴ 9

ለልጄ፣

እኔ መሪ እንጂ እስክሪብቶ አልለመድኩም፤ ስለዚህ አጭር ነው። ፍሪሲዮኑ ደህና ሆኗል።

አንድ ነገር ረስቼ መጥቻለሁ። የመኪናዋ ቁልፍ ቤት፣ ከበሩ ኋላ፣ ምስማሩ ላይ ነው። ያለሱ አልሆንም። አንተ ስትወጣ ትተኸው ሄደሃል፤ እኔ ግን አልተውኩትም። አሁን ሂድና አምጣልኝ። ሞተሩ እንደተነሳ ይቆይ፣ ድንጋይ ጎማዋ ሥር አስገባ፣ ሂድ። ትንሽ ትቆይልሃለች፤ አውቃታለሁ።

አሁን ነው ያልኩት። ከሰዓት አላልኩም። ከዚህ በፊት ምንም ጠይቄህ አላውቅም፤ መኪናዋን ያዝ አልኩህ እንጂ አልጠየቅኩህም። ይህን ግን እየጠየቅኩህ ነው።

አባትህ


ዓርብ፣ ነሐሴ 9

አባባ፣

እሺ። ድንጋዩን አስገብቻለሁ። ደርሼ እመለሳለሁ።

ልጅህ


መስከረም 21
ከኪራይ ቤታችን

ቀጮዬ፣

አዲሱ ተራራህ ብርዱ እንዴት ነው? ሁለት ጥንድ ካልሲ ልኬልሃለሁ፤ አንዱ ላይ ስፌቱ ከተጣመመ አባባ አጠገቤ ተቀምጦ ሲጨቀጭቀኝ ስለሰፋሁት ነው። እኛ ደህና ነን። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አልጋው ከገባ እኛ እንወጣለን፣ እኛ ከገባን ወንበሩ ይወጣል። አባባ መስኮት ዳር ተቀምጦ በሚያልፉት መኪኖች ሁሉ ላይ ይፈርዳል።

አሁን የጠየቅኸኝን ልመልስ። ይህን ጥያቄ ስፈራው ነበር። ለዚህ ነው ሁለት ደብዳቤህን ሳልመልስ ያለፍኩት፤ ይቅርታ።

አዎ፣ ቁልፉን ለአባባ ሰጥቼዋለሁ። ሄሊኮፕተሩ ከቋጥኙ ላይ አንስቶ ሲያመጣህ በኪስህ ቆልፈህ የያዝከውን፣ ለእሱ ለመስጠት አፍረህ እጄ ላይ ያስቀመጥከውን። ሌላ እንደዚያች ያለች መኪና ብንፈልግ ቁልፉ ይገጥማል ወይ ላልከው ግን፣ አይገጥምም። ከአሮጊቷም ጋር አይገጥምም ነበር።

አንተ ከሄድክ በኋላ በዓመቱ ማስነሻዋ ተበላሸ። አባባ ነቅሎ ጣለውና ከመሪው ሥር ሁለት ሽቦ እያገናኘ ነበር የሚያስነሳት። አንተ ሞተሩ እየሠራ ስለተረከብካት ቀዳዳውን የምታይበት ምክንያት አልነበረህም። ያ ቁልፍ በዚያ ምስማር ላይ ስንት ዘመን ሲቀመጥ የሚከፍተው ነገር አልነበረም። እኔ አውቅ ነበር፤ እሱም አውቆ ነው የጻፈልህ። ሲጽፍ አጠገቡ ነበርኩ፤ ላስተካክልልህ ስለው ወረቀቱን በክንዱ ከለለብኝ። ጨርሶ ሲሰጠኝ አንብቤ ልናገር አፌን ከፈትኩ። እጁን ገመዱ ላይ እንዳደረገ ዝም በይ ብሎ በዓይኑ አየኝ።

አንተ ቤት ስትደርስ ይሁን በሩን ስትከፍት አላውቅም። ገመዱ ከእጁ ላይ አመለጠ። ከዚያ ድምፁ መጣ። ወፍጮ ቤቱ፣ አሮጊቷ፣ ደረጃው መሬት ሁሉ አንድ ላይ ሄደ። አቧራው ቀስ በቀስ ሰከነ። ከዚያ ከቤታችን ኋላ ቋጥኙ ላይ አንድ ቀጭን ሰው ቆሞ አየን። አባባ መነጽሩን ከአለቃህ ነጥቆ ሲያይ ቆየ። «ቁልፉን ይዞታል» አለ። ከዚያ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ይህን እንዳልነግርህ አስምሎኝ ነበር፤ ምያለሁ፣ አሁን ደግሞ ነግሬሃለሁ።

ባለፈው ሳምንት ድፍረት አግኝቼ ጠየቅኩት። ምንም ለማይከፍት ቁልፍ ልጅህን ለምን ላክኸው፣ ተነስተህ ና አትለውም ነበር ወይ አልኩት። መኪኖቹን ማየቱን ሳያቋርጥ «ና ብለው ይመጣ ነበር?» አለኝ።

 

ስለዚህ እኔም ለገና በዓል ና አልልህም። ብቻ አባባ አንድ መልእክት አስይዞኛል። ቁልፉን በዚህች ክፍል በር ኋላ ምስማር መትቶ ሰቅሎታል። ቦታ ያዘብኝ፣ መጥቶ ይውሰድልኝ ብሏል።

እህትህ